አፈር ያልለበሰው ወይን

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19

ነገሩ የተበላሸው የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ግራማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከተከመሩት የአዛውንቶች የድብርት ምርመራ ቅጾች አንዱን ከመሃል ሲመዝ ነው። የመንደሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ከንቲባው፣ ቄሱ፣ ነርሷ እትዬ ኪቫ፣ ከስብሰባው በኋላ የሚቀርበውን ኬክ የሚጠብቅ ግማሽ መንደር። «ከቡካሬስት የመጣችው የሥነ ልቦና ባለሙያችን ኢሊንካ» አለ፣ «በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር ደርሳበታለች። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ያለው ሰዋችን በሙሉ ሊሞት ተዘጋጅቷል!» ከዚያ አነበበ። በእኔ እጅ የተጻፈውን የእማማ ቴካን መልስ፦

«ለመሞት ያደረጉት ዝግጅት አለ? — አለ እንጂ! ሳጥኑ ሞልቷል። የቀረኝ ጫማ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለሱቁ በልኬ ሊያመጣልኝ አልቻለም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እማማ ቴካ ራሳቸው ከሁሉ በላይ ሳቁ። እትዬ ኪቫም ሳቁ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

«ስለዚህ ይቺ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዛለች» አለ ግራማ። «አዎ ያለ ሁሉ የለም እንዳለ ይቆጠርለት። እኛ እዚህ ለሞት የምንዘጋጀው ስለታመምን ሳይሆን ባለሙያ ስለሆንን ነው።»

ብድግ አልኩ። «እኔን ያሳሰቡኝ አለኝ ያሉት አይደሉም። ምንም የለኝም ያሉት ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ናቸው እንደዚያ ያሉት።»

«ማነው ይሄ ሰነፍ?»

ነገርኩት። አባባ ፓንዴሌ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ፓንዴሌ? ከመንደሩ ሁሉ ዝቅተኛውን የድብርት ነጥብ ያገኘው እሱ አይደል እንዴ? ራስሽ የሞላሽው እኮ ነው!» ከኋላ አንዱ «ፓንዴሌ ስስታም ነው፤ ለሞቱም ገንዘብ አያወጣ!» አለ። ሁለተኛ ሳቅ።

የሰውን መልስ በአደባባይ ማንበብ ነውር ነው። ነውር ብቻም አይደለም፣ ክልክል ነው። አምነው የነገሩንን! ነገ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።


እዚያው ዕለት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል

በሥርዓት ልጻፈው፤ ስናደድ ነገር ይዘበራረቅብኛል።

ያንን ጥያቄ የጻፈው ሰው ዋና ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እሱ የሚያውቀው ሞት የሆስፒታል መጋረጃ ጀርባ ያለውን ነው። እዚህ፣ ዳኑብ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ሰው ስልሳ ዓመት ሲሞላው የመቀበሪያ ልብሱን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ሳጥን ውስጥ ያኖራል። በበጋ አውጥቶ አጥር ላይ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ጎረቤት እያለፈ «አይ የሸሚዝ ጥልፍ!» ብሎ ያደንቃል። የመቃብር ድንጋዩ ላይ ስሙና የተወለደበት ዓመት ተቀርጿል፤ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። የቁም ተዝካሩን ደግሶ፣ ራሱ ከራስጌ ተቀምጦ፣ ወጡ ጨው አንሶታል ይላል።

ይህን የሚያደርግ ሰው አልጨለመበትም። የሚያለብሰኝ ሰው አለ፣ የሚያለቅስልኝ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

አባባ ፓንዴሌ ግን «ምንም» አሉኝ። ቤታቸው ንጹሕ፣ ጢማቸው ተላጭቷል። እንቅልፍስ? «እንደ ሕፃን።» ምግብስ? «እበላለሁ።» የሚያስደስትዎ ነገር አለ? «ምን ጠፍቶ!» ሁሉም መልስ እንደ ሳሙና ከእጄ አዳለጠኝ። ሚስታቸው እማማ ስታንካ ከሞቱ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ጥግ ላይ ሳጥኑ አለ፤ ክዳኑ ተነሥቷል፣ ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ።

«ልብሱስ አባባ?»

«ኦገስት ላይ ያ ከወንዙ ማዶ የነበረው ምስኪን ሞተ አይደል? ልብስ አልነበረውም። ቁመታችን እኩል ነው፤ ሰጠሁት። አማረበት።»

«ለእርስዎስ?»

ሳቁ። «እኔ ምን ቸኮልኩ?»

ዝቅተኛ ነጥብ። ቅጹ ላይ «አስቸኳይ ክትትል» ብዬ ጻፍኩ። ግራማ ሰረዘው። ነጥብ ነጥብ ነው፣ ስሜት ነጥብ አይደለም አለኝ።

የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ቦታ የእኔ ነበር። ለፕሮፌሰሩ የእኅት ልጅ ሰጡትና እኔ የሥራ ውል ይዤ እዚህ አሸዋ ላይ ተጣልኩ። ይሁን። ነገር ግን ማየት አልከለከሉኝም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 22

አባባ ፓንዴሌ ጋ ሄድኩ። የግቢው በር ተቆልፏል። ውሻቸው ኡርሱ ጮኸ። እሳቸው በሩን ሳይከፍቱ፦

«ልጄ፣ ለዚያ ሐኪም እብድ አይደለሁም ብለሽ ንገሪልኝ።»

«አባባ፣ እብድ ነዎት ያለ የለም።»

«በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስሜ ተጠርቷል አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሁሉም እጄን እየጨበጠ ‹ደህና ነህ ፓንዴሌ? ደህና ነህ?› ይለኛል። ደህና ነኝ! በቃ?»

ከአጥር ማዶ እማማ ቴካ፦ «አንቺ ነሽ ፓንዴሌን አበደ ያልሽው? ስሚ፣ እሱን ትተሽ አማቼን መርምሪልኝ!»

ሐኪሙ ባይስቅ ኖሮ ስም መጥራት ላይ አልደርስም ነበር። እሱ ነው የገፋኝ።


ማክሰኞ

ሩጫ። በሁለት ጎዳና ያሉ ሽማግሌዎች በሙሉ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያሉ ይመልሱልኛል። ወሬው ደርሷቸዋል። አንድ አዛውንት «ስሜን አዳራሽ ልትጠሪ ነው?» አሉኝ። እማዬ ደወለች፤ አላነሣሁም። ደህና ነኝ ብዬ መልእክት ላክሁላት። ዳቦና አይብ። ትናንትም ዳቦና አይብ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 26፣ የቅዱስ ዲሚትሪ ዕለት

የእማማ ቴካ የቁም ተዝካር። በጎመን የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ፣ የስንዴ ንፍሮ በስኳር የተለበጠ፣ የፕሪም አረቄ። እማማ ቴካ አዲስ ሻሽ አስረው ከራስጌ ተቀምጠዋል። ቄሱ ነፍስ ይማር ሊሉ ሲጀምሩ «ቀስ በሉ አባ፣ ገና ምሳዬን አልጨረስኩም» አሉ።

አዩኝና ጠሩኝ። «ነይ የቡካሬስቷ! እዚህ ተቀመጪ። ሕዝብ ይስማ፣ ጠይቂኝ፤ ምንም የምደብቀው የለኝም።»

«በሰው ፊት አልጠይቅም፣ እማማ።»

«አሁን ተማርሽ?»

ሰዎች ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ።

ከመሃል ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከእማማ ቴካ ባል ዘመን ጀምሮ የፓንዴሌ ቦታ ነው አሉ። «የት አለ?» አለ አንዱ። «ሐኪሟ ፈርታበታለች፣ ከቤት እንዳይወጣ አዛዋለች!» እማማ ቴካ ግን አልሳቁም። ሳህን ሞልተው በሳህን ከድነው ላኩላቸው። ሳህኑ ሲመለስ ታጥቦ ነበር፤ እትዬ ኪቫ «በላ ማለት ነው» አሉ። እኔ ኡርሱ ነው የበላው ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ለመናገር ሞራሉ አልነበረኝም።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 10

ሁሉም ሰው ወይን እያለበሰ ነው። ውርጩ ሳይመጣ ሐረጉን አጎንብሶ በአፈር መክደን ነው፤ ያልለበሰ ወይን ክረምቱን አያልፍም። መንደሩ ሁሉ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ ይሳደባል፣ ይዘፍናል።

የአባባ ፓንዴሌ የወይን መስመሮች እንደቆሙ ናቸው። አንድም አልለበሰም።

አባቴ ወይን ነበረው። በሳንባ ምች ወድቆ ሳለ እንኳ «ወይኑ!» ይል ነበር። ወይኑን የማያለብስ ሰው ጸደይን አይጠብቅም።

ሮጬ ግራማ ጋ ሄድኩ። ቡና ይጠጣል። «ወይን መቅበርም የአእምሮ ምርመራ ሆነ?» አለኝ። «ሰውየው ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጀርባውን ያመዋል። ስሚ ልጅት፣ ውልሽ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው። እንዲታደስ ከፈለግሽ ትንሽ ዝም በይ።»

«ከወረዳው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሐኪም መጥቶ ቢያያቸው ምን ይጎዳል?»

«በምን ምክንያት ብዬ ልጻፍ? በወይን?»


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 11

የእትዬ ኪቫን መኮትኮቻ ተውሼ ወደ አባባ ፓንዴሌ ወይን በጓሮ በኩል ገባሁ። ሳልጠይቅ። አንዱን መስመር እስከ ግማሽ ስደርስ መጡ።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም።»

«የሰው ወይን ነው።»

«የሰው ከሆነ ሰውየው ለምን አያለብሰውም?»

ጎንበስ ብለው ሐረጉን አዩ። ከዚያ፦ «እንደዚያ አይደለም። አንገቷን ሰበርሻት እኮ። ወደ ፀሐይ መግቢያ አጎንብሻት።» መኮትኮቻውን ተቀብለው አንዷን አለበሱ፤ እጃቸው እንደ ወጣት ነው። መልሰው ሰጡኝ። እሳቸው ቆመው ያዛሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ከወይን ጠባቂው ጎጆ አጠገብ ስደርስ «ያን ተይው» አሉ። «እሱ የስታንካ መስመር ነው። እሱን እኔ አየዋለሁ።»

የመጣሁ ጊዜ በሩን የቆለፉብኝ ሰው፣ ስሄድ እስከ በር ሸኙኝ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ዛሬም ሄድኩ። ጨዋታቸው ጣፋጭ ነው። ልጃቸው ኔላ ቱሪን ከተማ የጣልያን ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታበላለች። «የሰው አባት ታስተኛለች» አሉ፣ ያለ ቅሬታ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ። ስለ እናቴ ብዙ አልመለስኩም።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 18

ደስ ብሎኛል! እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባባ ፓንዴሌ ኡርሱን ሰጡኝ። «ክረምቱን አንቺ ጋ ይሁን። ብቻሽን ነሽ፣ ክፍልሽም ይቀዘቅዛል። እሱ እግር ላይ መተኛት ይወዳል።» አንገቱን አሽተው በጆሮው የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት። ተላጭተዋል፣ ፊታቸው በርቷል፣ እንደዚያ ተረጋግተው አይቻቸው አላውቅም። ሰው ሲታመን እንደዚህ ነው የሚለወጠው። መድኃኒቱ ቅጽ አይደለም፣ መኮትኮቻ ነው!

ኡርሱ አሁን እግሬ ላይ ነው። ከባድ ነው። ጥሩ ክብደት።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ግራማ በኮሪደር፦ «ያንቺ ፓንዴሌ እንዴት ነው?»

«በጣም ተሽሏቸዋል» አልኩ። ኮራሁ።

«አላልኩሽም?»

እሱ ልክ እንዳልነበረ፣ የተሻላቸው ከመኮትኮቻው በኋላ እንደሆነ ማስረዳት ፈለግሁ፤ ሄደ። ይህ ለምን እንደከነከነኝ አላውቅም። እንቅልፍ ጥቂት። ደህና ነኝ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 30፣ የቅዱስ እንድርያስ ዕለት

ለኡርሱ አጥንት ልገዛ ሥጋ ቤት። እማማ ቴካ ውሻውን አዩ።

«ኡርሱን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አባባ ፓንዴሌ ሰጡኝ።»

«ሰጠሽ? የስታንካን ውሻ? እሷ በጡጦ ያሳደገችውን?» ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። ከዚያ፦ «ለኔ ዛሬ ጠዋት የወይን ጓዳውን ቁልፍ ሰጠኝ። ‹አንቺ ትጠጪዋለሽ› ብሎ። ሲቀልድ መስሎኝ...»

አጥንቱን ጣልኩ።

ቤት የሉም። በሩ ክፍት። ምድጃው ቀዝቃዛ፣ አመዱ ተጠርጓል። ካፖርታቸው አልጋ ላይ፣ ተጣጥፎ። ጫማቸው ከሥሩ።

እትዬ ኪቫ በመኪና። እማማ ቴካ ከኋላ እየጸለዩና እየተሳደቡ። ውርጭ።

የስታንካ መስመር። ጎጆው።

ሕያው ናቸው። ሕያው ናቸው። ሕያው ናቸው።


ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 2

ከትናንት ወዲያ የበዓል ቀን ስለነበር አምቡላንሱ ዘገየ፤ ግራማ ለዕረፍት ተራራ ሄዶ ነበር። እትዬ ኪቫ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገዛ ገላቸው አሙቀው ነው ሆስፒታል ያደረሷቸው። በመንገድ ሁሉ «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ አንተ ግትር» ይሏቸው ነበር፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። ሳንባቸው ተጎድቷል፣ ሁለት የእግር ጣት ይቆረጣል። ይተርፋሉ ተባለ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። በትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ነው ያስተማሩን፦ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የሚወዱትን ነገር መስጠት ሲጀምሩ፣ ድንገት ሲረጋጉ፣ ያኔ ፍሩ። በቃሌ አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ልብሱን አየሁ፣ ወይኑን አየሁ፣ ውሻው እጄ ሲገባ ግን ዐይኔ ታወረ።

ለምን? ስለሞቀኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 4

ግራማ ቢሮው ጠራኝ። ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ብቻ ይቀራል። «አዛውንቱ ወይናቸውን ለመጠበቅ ወደ ጎጆው ሄደው፣ በውርጭ አዳልጧቸው ወድቀው» ይላል።

«በኖቬምበር መጨረሻ የምን ወይን ነው የሚጠበቀው?» አልኩት። «ኦክቶበር መጀመሪያ ተለቅሟል። ቁራ እንኳ አይመጣም።»

«ቁራ አትመርምሪ።»

«ካፖርታቸው አልጋ ላይ ታጥፎ ነበር። ጫማቸውም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደ አባት ሊያናግረኝ ሞከረ፤ ከቁጣው ይልቅ ይሄ አመመኝ። «ኢሊንካ፣ አስቢ። አደጋ ከሆነ አልጋው ላይ ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል። ሌላ ነገር ከሆነ ቄሱ ፊቱን ያዞራል፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ ልጁ ታፍራለች። ይህን ሰው እኔ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ለማን ብለሽ ነው?»

«አደጋ ከሆነ ማንም አይከታተላቸውም። እግራቸውን አስረው ወደዚያ ባዶ ቤት ይመልሷቸዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ የሚጠይቅ የለ። ከዚያስ?»

«ሌላም አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ሪፖርቱ ሌላ ከሆነ ይጠየቃል። ማነው ስለ ሞት ያወራው? ማነው በአዳራሽ ስሙን የጠራው? መንደሩ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹የቡካሬስቷ ጠይቃ ጠይቃ ሐሳቡን አስገባችበት› ይላል።»

ስለ ሞት መጠየቅ ሞትን አያስገባም። ይህን አውቃለሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እሱም ያውቀዋል። ስም መጥራቱ ግን... 

ሳልፈርም ወጣሁ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ማታ ኔላ ከቱሪን ደወለች። ታለቅሳለች። «አደጋ በዪው። በእግዜር። እኔ እዚህ በየማለዳው የሰውን አባት ‹እንዴት አደርክ?› እላለሁ። የራሴን በእሑድ እሑድ በስልክ ነው። ደህና ነኝ ይለኛል። አመንኩት። ሌላ ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ አንቺ የተማርሽው!»

የሆስፒታሉን ስልክ ቁጥር አነበብኩላት።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 6፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት

ሆስፒታል። ከአንዱ ታካሚ ወደ አንዱ ብርቱካን የሚያድሉ ሴቶች። አባባ ፓንዴሌ ትራሱ ውስጥ ሰምጠው፣ እጃቸው ላይ ብርቱካን ይዘዋል፤ አልላጡትም።

«ውሻዬስ?»

«ይበላል። እግሬ ላይ ይተኛል።»

«ለምን እንደሰጠሁሽ አላወቅሽም።»

«አላወቅሁም። ማወቅ ነበረብኝ።»

«እኔማ ታውቅብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉ። «አንቺ እንኳን ልታውቂ! እንዴት ደስ አለሽ! ፊትሽ እንደ ሕፃን ሆነ። እንዲህ ብቻዋን የሆነች ልጅ አይቼ አላውቅም አልኩ በሆዴ።»

ብርቱካኑን ወስጄ መላጥ ጀመርኩ፤ እጄ የሚሠራው ነገር ስላጣ ነው።

«በአዳራሹ ስምዎን የጠራሁት...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሐኪሙ ስለሳቀብኝ ነው ልል ነበር። «ስምዎን ጠራሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ከዚያ በፊት ደህና ነኝ የምለው በእሑድ ብቻ ነበር፣ ለኔላ። ካንቺ በኋላ በየደጃፉ ሆነ። ሰለቸኝ። ግን አንቺ አይደለሽም ያመጣሽው። ስታንካ ከሄደች ጀምሮ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ሁለት ኩባያ አወርዳለሁ። አንዱን መልሼ እሰቅላለሁ። ይሄን የሚጠይቅ ጥያቄ ወረቀትሽ ላይ አልነበረም።»

ከዚያ በክርናቸው ትንሽ ተነሡ።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቅጽ ስለሌለኝ በቃሌ ነው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

«ደህና።»

«ምግብ?»

«እበላለሁ።»

«የሚያስደስትሽ ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተዘጋጅቶ መቆየቱ አስደነገጠኝ።

«እኔም እንደዚሁ ነው የመለስኩልሽ» አሉ። «ነጥብሽ ዝቅተኛ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፤ ብርቱካኑ ላይ አለቀስኩ። እጃቸውን አናቴ ላይ አኖሩ። በጎን ያለው በሽተኛ ራዲዮ ይሰማ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ስለ ሪፖርቱ ነገርኳቸው፣ ግራማ ያለውንም ስለ ቄሱና ስለ ሾርባው፤ አልደበቅሁም። ምርጫው የእርስዎ ነው አልኩ።

ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ለመንደሩ ወድቆ ነው በዪ። ለቄሱ አትንገሪ፤ እኔ ራሴ እነግራለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ። ለሐኪሞቹ ግን እውነቱን ጻፊ። ወድቆ ነው ካልሽ ጣቴን ብቻ ነው የሚያክሙት።» ከዚያ፦ «የስታንካ መስመር በውርጩ ተመታ?»

«ተመታ።»

«እኔው ነኝ እንዳታለብሺው የከለከልኩሽ። ወይን ግን ግንዱ ቢሞት ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ሦስት ዓመት ፍሬ የለውም፣ የሚያናድድ ሥራ ነው።» ዐይናቸውን ጨፈኑ። «በጣም የሚያናድድ።»


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7

ጻፍኩ። አጭር ነው። ካፖርቱን፣ ጫማውን፣ ቁልፉን፣ ውሻውን፣ ልብሱን። ውሻውን ማን ተቀብሎ ምልክቱን እንዳላየም ጻፍኩ። አዳራሽ ውስጥ ማን የማንን መልስ እንዳነበበና ማን የማንን ስም እንደጠራም። ስለ ሁለታችንም። አንዱን ለግራማ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፣ አንዱን ለወረዳው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ሰደድኩ።

አነበበ። ቀለሙ ተለወጠ። «ውልሽ እንደማይታደስ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን የራስሽን ጥፋት ጻፍሽው? ማንም አያውቅብሽም ነበር እኮ።»

«እርስዎም ቢጽፉት ይቀልልዎታል» አልኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም።

እትዬ ኪቫ በኮሪደር ያዙኝ። «ያን ቀን የሳቅሁት...» አሉ። አልጨረሱትም። ምግብ ቤት ወስደው ትኩስ ሾርባ አዘዙልኝና እስክጨርስ ከፊቴ ቁጭ አሉ፤ ሰዓታቸውንም አላዩም።


ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 9

የወረዳው ሐኪም ሐሙስ ሐሙስ ሊያያቸው ተስማማ። እማማ ቴካ የጓዳውን ቁልፍ ይዘው ሆስፒታል ሄደው «ወይንህ ኮምጣጤ ነው፣ አልጠጣውም፣ ራስህ ና ጠጣው» ብለው ደረታቸው ላይ ወረወሩላቸው። ኡርሱን ለአባባ ፓንዴሌ የምመልሰው በእጃቸው ብቻ ነው፣ በግቢያቸው ቆመው ሲቀበሉኝ፤ ይህን ነግሬያቸዋለሁ፣ «አስገዳጅ ነሽ» ብለውኛል።

እማዬ ደወለች። አነሣሁ። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም አለች፤ ስልኩን አልዘጋችም። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ እማ» አልኳት፤ የቀረውንም መናገር ጀመርኩ።

ሥራ የለኝም። ከዲሴምበር በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ሳፈገፍግ ራሴ እንዳነበው እዚህ እጽፈዋለሁ። የሰው ሕመም የአዳራሽ ሳቅ ሲሆን ዳግመኛ አልቀመጥም፤ ሳቁን ለማሸነፍ ብዬ የሰው ስም መጥራትም ከእንግዲህ አይሆንልኝም። ባህል ነው ተብሎ ጥያቄ ሲሰረዝ፣ ወግ ነው ተብሎ ውሸት ሲፈረም አልቀበልም። ለኔላ፣ ለግራማ፣ ለእማማ ቴካ፣ ለማንኛውም ሽማግሌ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለራሴ፦ «ደህና ነኝ» የሚለውን ከእንግዲህ እንደ መልስ አልቀበልም። እንደገና እጠይቃለሁ። ሁለት ኩባያ ይወርድ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ዝምታው እስኪያልፍም ከበሩ አልነቃነቅም።